የቅዳሜ ጥያቄ

ከወሰን መገናኛ ከሚመላለሱት ሚኒባሶች አንዱ ውስጥ ገብታችሁ፣ ሬዲዮ ዘግቶ ከማንም ጋር ሳይጣላ የሚነዳ፣ ቀጠን ያለ፣ ጢሙ የሸበተ ሹፌር ካጋጠማችሁ እሱ ሸሪፍ ከድር ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ሲነዳ ያፏጭ ነበር፤ ተሳፋሪ በር ላይ ሲንዛዛበት «እናንተ ሰዎች፣ ደቂቃ ዛፍ ላይ የሚበቅል ይመስላችኋል?» እያለ ያሽሟጥጥ ነበር። አሁን ሰው እስኪገባ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔን ይህ ዝምታው ከጩኸቱ ይልቅ ያናድደኛል።

አባይነህ እባላለሁ። ወሰን ጋራዥ አለኝ፤ የሸሪፍን መኪና ፍሬን ለአሥራ አራት ዓመት የፈታሁትም የገጠምኩትም እኔ ነኝ። ለአራት ዓመት ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን በማለዳ ጋቢና ተቀምጬ ከእሱ ጋር እንጦጦ ወጥቻለሁ። የሩጫ ቡድኑ ሰዓት ያዥ ነበርኩ። ስለ ስፖርት የማውቀው ነገር አልነበረም፤ የመረጠኝም ለዚያ ነው። «የሚያውቅ ሰው ያወራል፣ አንተ ሰዓቱን ብቻ ያዝልኝ» አለኝ። ተሳድቤ ተሳድቤ ሄድኩለት።

ሰፈር ውስጥ ስለ እሱ ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። አንዱ፣ የደሃ ልጆችን ለክለብ ያበቃ ጎበዝ ነው ይላል። ሌላው፣ የኑዕማንን ልጅ ያሰናከለ ነው ይላል። ሁለቱም ባልዋሉበት ነው የሚያወሩት። እኔ ስለዋልኩበት ልንገራችሁ፤ ንዴቴንም አልደብቅም፣ ግማሹ በራሴ ላይ ነውና።

ሸሪፍ ያደገው እዚሁ የካ ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው ሾላ ገበያ በርበሬ ይነግዱ ነበር። እሱ ግን ትምህርቱን አሥረኛ ክፍል ላይ ጥሎ መገናኛ ተራ አስከባሪ ሆነ፤ ታክሲዎቹን በአመጣጣቸው እያሰለፈ ያስጭን ነበር። ጩኸትና ግፊያ የበዛበት ሥራ ነው፤ እሱ ግን ወደደው። እሱ በያዘው ሰልፍ የባለሥልጣን ዘመድም ሆነ የገዛ አጎቱ ቀድሞ አይጭንም። ተራውን ለሌላ የሚሸጥ ሹፌር ከያዘ ደግሞ ያን ቀን ሙሉ ከሰልፉ ያስወጣው ነበር። «ተራ አንዴ መነገጃ ከሆነ ደካማው መቼም አይጭንም» የሚል እምነት ነበረው። እውነቱን ነው፣ በዚህ አልተሳሳተም።

ጠዋት ጠዋት ይሮጥም ነበር። በሃያ ዓመቱ አንድ ክለብ ለምልመላ ጠራው። እሱ ግን የጠዋቱን ሰልፍ ለማን ጥዬ ልሂድ ብሎ ሲያስጭን ቆየና ሜዳው ሲደርስ የእሱ ምድብ ተነሥቷል። ያመለጠው በስድስት ደቂቃ ነው። ስለዚያች ስድስት ደቂቃ ሲያወራ የሰማው ሰው ወንድሙ ሞቶበት የሚያወራ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ ለሸሪፍ በዓለም ላይ ጊዜ ከማባከን የባሰ ኃጢአት አልነበረም።

መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሚኒባስ ከያዘ ከዓመታት በኋላ አጭር የአሠልጣኝነት ኮርስ ወሰደ፤ ከኮተቤ፣ ከወሰንና ከሲ.ኤም.ሲ ጀርባ ስምንት ልጆች ሰበሰበ። ፍላጎቱም ልጆቹም ነበሩ፤ የጠፋው ጊዜ ነበር። ሱብሒን ሰግዶ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሞተር ያስነሣል። ልጆቹ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትምህርት ቤት መድረስ አለባቸው፤ እሱም ከዚያ በፊት ተራው ላይ መገኘት አለበት። መውጫና መውረጃው ሲቀነስ ጫካው ውስጥ የሚቀራቸው ሃምሳ አምስት ደቂቃ ነበር፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ሃያ ደቂቃ ይጨመራል።

ሌላ አሠልጣኝ ሃምሳ አምስት ደቂቃን ልጆቹን በማሰልጠን ሳይሆን በማሰለፍ ነው የሚጨርሰው። ሸሪፍ እንዴት እንደሚጠቀምባት ብታዩ ትደነቁ ነበር። የጫማ ክር መኪና ውስጥ ታስሮ ያልቃል። ሳያስር የተገኘ እንዳሰረ እስኪያይለት ድረስ አይወርድም። አስፋልቱ ከማለቁ ሁለት ኪሎ ሜትር በፊት ልጆቹን ያወርዳቸውና እኛ ቀድመን ስንወጣ እነሱ ቀስ እያሉ ሮጠው ይመጣሉ፤ ማሟሟቂያውም መንገዱም በአንድ ድንጋይ ተመታ ማለት ነው። ዳገቱን ሁለት ሁለት ሆነው በሃያ ሰከንድ ልዩነት ይወጣሉ፣ ማንም ቆሞ ማንንም አይጠብቅም። የማክሰኞው ልምምድ ምን እንደሆነ የሚነገረው ቅዳሜ ሲመለሱ ነው፣ የሐሙሱ ማክሰኞ። ስለዚህ ባሕር ዛፉ ውስጥ ሲገቡ የእግራቸው ኮቴና የእኔ «ሂድ! ሂጂ!» ብቻ ነው የሚሰማው። በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ልጅ ክለብ አስገባ። ሰዓት ሙሉ ሜዳ ያላቸው አሠልጣኞች ይህን አላደረጉም።

ችግሩ የመጣው ከጥያቄ ነው። ልጆች ናቸው፣ ይጠይቃሉ። አንዱ ስለ ምግብ፣ አንዷ ስለ ጫማ፣ ሌላው ስለ ሕልሙ ሁሉ ይጠይቅ ነበር። አንድ ቀን እንዲሁ ሲመልስላቸው ዘጠኝ ደቂቃ አለፈ፤ ዘጠኝ መሆኑን የነገርኩት እኔው ነኝ፣ ምላሴን በቆረጠው። በነጋታው ሸሪፍ ደንብ አወጣ። ጥያቄ ቅዳሜ ብቻ፣ በሳምንት አንድ ልጅ ብቻ፣ በተራ። ስም ዝርዝሩን ጽፎ መስታወቱ ሥር ለጠፈው። ተራ መለዋወጥም መስጠትም ክልክል ሆነ። ስምንት ልጅ ነው፤ አንዱ ከጠየቀ ተመልሶ የሚጠይቀው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ልክ እንደ መገናኛ ሰልፍ ሠራው። ልጆቹም አከበሩት፣ ምክንያቱም እሱም ያከብረው ነበር፤ የሚወደው ልጅ ቢሆንም ቀድሞ አያስጠይቅም። እኔ ራሴ «ጎበዝ!» ብዬዋለሁ።

ጀናን ኑዕማን ከስምንቱ አንዷ ነበረች፤ የኮተቤ ልጅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ሻርፗን አጥብቃ ጠምጥማ፣ ሰፊ ሱሪዋን ለብሳ፣ ከሁሉም ኋላ ተቀምጣ ትመጣለች፤ ዳገቱ ላይ ግን ከኋላዋ የማይቀር አልነበረም። ሦስት ሺህ ሜትር ነበር ርቀቷ። አባቷ ኑዕማን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አላቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ቃላቸው ቃል ነው። «ዘንድሮ ክለብ ከገባሽ ሻንጣሽን እኔው እሸከምልሻለሁ፤ ካልገባሽ ግን ሩጫው እዚህ ላይ ያብቃ፣ ወደ ሱቁ ትመጫለሽ» ብለዋታል። ምልመላው ግንቦት አጋማሽ፣ ሐሙስ ቀን ነበር። ለወጣቶቹ ቡድን ዕድሜዋ ከዘንድሮ ወዲያ ያልፋል። ስለዚህ ለጀናን ሁሉም ነገር ያ ሐሙስ ነበር፤ እኛም ሁላችን እናውቅ ነበር።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ጆሮዬ አንድ ነገር ሰማ። መኪና ሲበላሽ ከዓይን በፊት የሚያውቀው ጆሮ ነው፤ እኔ ጎማ ዞር ሲል ብሎኑ መላላቱን የምሰማ ሰው ነኝ። ልጆቹ ዳገቱን ሲወጡ ሰዓቱን ይዤ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ የማን ኮቴ እንደሆነ እለይ ነበር። የጀናን ኮቴ ተለወጠ። ቀኟ ይረግጣል፣ ግራዋ ግን ነክቶ ይነሣል። ዞሬ አየኋት፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ሐሙስም እንዲሁ ሆነ። ቅዳሜም ባሰ።

ለሸሪፍ አልነገርኩትም። ምክንያቱን ስናገር አፍራለሁ። ከዚያ በፊት ስለ አንድ ልጅ አሯሯጥ አስተያየት ብሰጠው «አባይነህ፣ አንተ ፍሬንህን ፍታ» ብሎኝ ልጆቹ ሁሉ ስቀውብኝ ነበር። አኩርፌ ነበር። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ የልጅ ልጅ ያለው፣ በአንድ ቀልድ አኩርፎ አፉን ዘጋ። እንግዲህ እሱ አሠልጣኝ ነው፣ ዓይን አለው፣ ራሱ ይየው አልኩ። እሱ ደግሞ የሚያየው ቁጥሩን ነበር፤ ቁጥሩን የምነግረው እኔ ነበርኩ፣ ቁጥሩም አልከፋም። ልጅቱ ሕመሙን ችላ ትሮጥ ነበር።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ያለችውን ቅዳሜ መቼም አልረሳትም። ልምምድ አልቆ መኪናው ውስጥ ገብተናል። የጥያቄው ተራ የሒሩት ነበር፤ ሒሩት የጀናን ጓደኛ ናት፣ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።

«ኮች፣ የእኔን ተራ ለጀናን ሰጥቻታለሁ» አለች ሒሩት።

«ተራ አይሰጥም» አለ ሸሪፍ ዞር ሳይል።

«እኔ እኮ ጥያቄ የለኝም ኮች። እሷ ግን ልትጠይቅዎት የምትፈልገው…»

«ጥያቄ ከሌለሽ አለፈሽ። ቀጥሎ ማነው? ምሥጋና ነው። ምሥጋና፣ ጠይቅ።»

ምሥጋና ተንኮለኛ ግን ልበ ቀና ልጅ ነው። አንዴ ጀናንን አንዴ ሒሩትን አየና «እኔም ልለፍ ኮች» አለ።

ሸሪፍ ተቆጣ። «እዚህ ምን እየተሠራ ነው? ዛሬ ለጀናን፣ ነገ ለበዳዳ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ የሚጎላው ብቻ ነው የሚጠይቀው። እኔ ይህን መገናኛ ላይ አይቼዋለሁ። ጀናን፣ ያንቺ ተራ መቼ ነው?»

«ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው ኮች።»

ከምልመላው ሁለት ቀን በኋላ ማለቷ ነው። ማናችንም አላሰላነውም።

«ጥያቄሽ የሚቆይ ነው ወይስ የማይቆይ?»

መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አያት። ሒሩት በክርኗ ነካ አደረገቻት። እኔም በመስታወቱ አየኋት፤ ፊቷ ቀልቷል። ሰው ሁሉ በእሷ ምክንያት እየዘገየ መሆኑ ነው ያሳፈራት። ይሉኝታ ማለት ይኸው ነው፣ የእኛ አገር ሰው በዚህ ነው የሚያልቀው።

«ይቆያል ኮች» አለች።

ከዚያ ምሥጋና የግድ መጠየቅ ስላለበት፣ ሙዝ የሚበላው ከሩጫ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ ጠየቀ። ሸሪፍ ደስ ብሎት መለሰ። ስለ ሙዝ፣ ስለ ሆድ፣ ስለ ስኳር፣ እሱ በልጅነቱ በባዶ ሆዱ ሮጦ ስለ ወደቀበት ቀን አወራ። እስከ መገናኛ አወራ። አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው፤ ከልማድ ብዛት ይዤዋለሁ።

በምልመላው ቀን ሸሪፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ ቀረ። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመን ነው የደረስነው። ኑዕማንም ሱቃቸውን ዘግተው መጡና ከእኛ ጎን ተቀመጡ። ጀናን ስትነሣ ሁለተኛ ነበረች። በአምስተኛው ዙር መምራት ጀመረች። ሸሪፍ ክንዴን ጨምድዶ ይዞ «ሰዓቷን ንገረኝ፣ ሰዓቷን!» ይላል፤ ነገርኩት፣ ሮጣ የማታውቀው ሰዓት ነበር። ኑዕማን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ያደርጋሉ። አንድ ዙር ተኩል ሲቀራት ኩርባው ላይ ግራ እግሯ ከሥሯ ታጠፈ። ወደቀች። ሌሎቹ አልፈዋት ሄዱ፤ እሷ በእጇ እየተሳበች ለመነሣት ትሞክራለች፣ እግሯ ግን ከጉልበቷ በታች ወዳልሆነ ወገን ዞሯል። በሕይወቱ ማንንም ቀድሞ የማያውቀው ሸሪፍ ሰውን እየገፈተረ፣ አጥሩን ዘሎ ገባ።

ሆስፒታል ውስጥ ወጣቱ ሐኪም ፎቶውን ብርሃን ላይ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ስብራቱ የዛሬ ነው፣ ስንጥቁ ግን የዛሬ አይደለም» አለ። «አጥንቱ ከአንድ ወር በላይ ተሰንጥቆ ነበር፤ በላዩ ላይ ነው የሮጠችበት። ያመኛል አላለችም?»

ኑዕማን ወደ ሸሪፍ ዞሩ። ሸሪፍ ወለሉን ያያል።

«መጀመሪያ እንደተሰማት ሦስት ሳምንት ብታርፍ ኖሮ ዛሬ በደኅና ትሮጥ ነበር» አለ ሐኪሙ። ክፋት አልነበረውም፣ ሥራው ስለሆነ ነው የተናገረው። ብረት ገባላት። መራመድ አትቸገርም ተብሏል፤ ውድድር ግን እንኳን ዘንድሮ፣ ለከርሞም አይታሰብም።

ሸሪፍ ከዚያ ወዲያ እንጦጦ አልወጣም። ሰባቱን ልጆች ለሌላ አሠልጣኝ አስረከበ፤ ያኛው በሳምንት አምስት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ያሠራቸዋል፣ ቁም ነገሩ ግን ግማሽም አይሞላም። እኔ ተቆጣሁት። «በአንድ ስህተት ሁሉን ትጥላለህ?» አልኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የጀናንን ቤት በር ማንኳኳት አቅቶት በኮተቤ መንገድ ሲመላለስ ከረመ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ ጋራዡ በር ላይ መኪናውን አቆመና «ና አብረኸኝ ግባ፣ ብቻዬን አልችልም» አለኝ።

በራቸው ላይ እንደደረስን፣ ከመኪናው ሳንወርድ፣ ያፈንኩት ወጣ። «ሸሪፍ፣ እኔ ሰምቼ ነበር። ግራ እግሯን እንደማትረግጥ መጋቢት ላይ ሰምቻለሁ» አልኩት።

ቀስ ብሎ ዞረ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ፍሬንህን ፍታ ብለኸኝ ነበር።»

ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በሩን ከፈተና ወረደ፣ እኔም ተከተልኩት።

የጀናን እናት ሀውላ በሩን ከፈተችልን፤ ዓይኗ አብጧል፣ ግን «ግቡ፣ ግቡ፣ በር ላይ አትቁሙ» ብላ አስገባችን። ኑዕማን መስበሐቸውን፣ የዱዓ መቁጠሪያቸውን፣ እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። ጀናን ፍራሽ ላይ ናት፣ እግሯ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ሲያያት ሸሪፍ ቆሞ ቀረ። ስታየው ለመነሣት ሞከረች፤ አሠልጣኟ ገብቶ ተቀምጣ መቅረት ነውር መስሏት።

«ተቀመጡ እንጂ አቶ ሸሪፍ» አሉ ኑዕማን። «የመጣው ከአላህ ነው፣ እርስዎ ምን ያደርጋሉ።»

«አይደለም» አለ ሸሪፍ፣ አልተቀመጠም። «ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ልጅዎ ልትነግረኝ ፈልጋ እኔ ነኝ አፏን የዘጋሁት። ጊዜ ላለማባከን ብዬ። ይርገሙኝ፣ መብትዎ ነው፤ እኔ ግን ሌላ ሰው ጥፋቱን እንዲሸከምልኝ አልፈልግም።»

የመለሰችው ጀናን ናት።

«ኮች፣ እንዲህ አይበሉ። ተራዬ እኮ አልደረሰም ነበር» አለች።

ልታጽናናው ብላ አልነበረም። ከልቧ አምና ነው የተናገረችው፤ ያስተማራትን በሚገባ ተምራለች። እኔ እዚያ ቤት ውስጥ የት እንደምገባ ጠፋኝ። ሸሪፍ ፍራሹ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ያን ቀን ልትጠይቂኝ የነበረው ምን ነበር?» አላት።

«አሁን ምን ያደርጋል ኮች። ትንሽ ነገር ናት።»

«ንገሪኝ ግድ የለም። ጊዜ አለኝ።»

አባቷን አየች፣ ከዚያ እግሯን አየች። «ግራ እግሬን ሲያመኝ… ልረፍ ወይስ ችዬው ልሩጥ ልልዎት ነበር።»

የኑዕማን መስበሐ ቆመ። የሸሪፍ ዓይኖች ሞልተው እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም።

«እረፊ» አላት። «እረፊ ልጄ።»

«እሺ ኮች» አለችው።